ዝምድና፦ አበልጅ

ወይንሸት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ታሪኳን ልጽፈው እንደሆነ ስነግራት «ይጻፉት፣ ስማችንን ብቻ ይቀይሩልን» አለችኝ፤ ቀየርኩላቸው። የኔ ስም የራሴ ነው፣ ሙላቱ እባላለሁ። ኮሎምቢያ ሲቲ ውስጥ፣ ሬኒየር አቬኑ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለሐበሻ ፎርም እሞላለሁ። ታክስ፣ ዜግነት፣ የልጅ ኢንሹራንስ፣ ያልመጣልኝ ወረቀት የለም። ማስተርጎም የሚፈልግም ይዞኝ ይሄዳል። ዋናው ሥራዬ ግን ፖስታ መክፈት ነው። በረሃ አቋርጦ የመጣ ጎበዝ እዚህ አገር መስኮት ያለው ነጭ ፖስታ ሲያይ እጁ ይሰንፋል። ይዞልኝ ይመጣና «እስቲ ጋሼ፣ ምን ይላል?» ይለኛል። እንግሊዝኛ አቅቶት አይደለም፤ ብቻውን ላለመክፈት ነው።

ወይንሸት ያለፈው ጥቅምት የመጣችው ሁለት ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዛ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ከመቶ ይበልጣል፣ አንዱም አልተከፈተም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከፋሲካ።»

የአውቶቡስ ቁጥር የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ተቆጣኋት። አዋቂ ሴት እንዴት ስድስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሳትከፍት ትቀመጣለች፣ ከመካከሉ የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢኖርስ አልኩ። መጥሪያ ነበረበትም፤ ቀኑ ያለፈ፣ እሷ በሌለችበት የተፈረደ። ያን ሁሉ ስናገር አልመለሰችልኝም፣ አላፈረችም፣ አላለቀሰችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ስታይ ቆየችና «ጨረሱ ጋሼ? ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ» አለችኝ። የናቀችኝ መስሎኝ ተናደድኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሴትየዋ ደንዝዛለች። የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ላይ ብትጮህ ምን ይሰማል።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዲቪ መጥታ አሥራ አምስት ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ኖራለች። በዚህ ከተማ ስንቱ ሐበሻ ቤቱን አሰናድቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ አምስት ስድስት አረጋውያን እያኖረ ራሱን ችሏል። እሷም ለሌላ ሰው ስሠራ ከማረጅ አለች። ስካይዌይ ውስጥ ባለ አራት መኝታ ቤት ተከራየች። የዊልቸር መወጣጫ አሠራች፣ በር አሰፋች፣ አልጋ ገዛች። የመነሻ ገንዘቡ የመጣው ከእቁብ ነው፤ ሃያ ሰው በወር ሺህ ሺህ ዶላር የሚጥልበት እቁብ ነበራቸው፣ ዳኛውን ለምና ሦስተኛው ዕጣ ላይ ሃያ ሺውን ወሰደች። ቀድሞ ለሚወስድ ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ የሆነቻት አበልጇ ኣድሓነት ናት። ኣድሓነት ሌክ ሲቲ ፀጉር ቤት አላት፤ ቤተሰቧ ከአስመራ ነው፣ እሷ ያደገችው አዲስ አበባ። ወይንሸት የኣድሓነትን ልጅ ሚኪኤላን ክርስትና አንስታለች። ልጅቷ ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሦስት አረጋውያን ገቡላት። ሁለቱ በአንድ ክረምት ሞቱ፤ ሦስተኛውን ልጆቹ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ባዶ አልጋ ላይ አንሶላ ስትቀይር ኖረች። የቤት ኪራዩ አላቆመ፣ ኢንሹራንሱ አላቆመ። በራሷ ፊርማ የንግድ ብድር ወሰደች፤ ብድሩ ሲያልቅ ክሬዲት ካርድ መሳብ ጀመረች። ዘጋችና ወደ ድሮ ሥራዋ ስትመለስ ያለባት ዕዳ ዘጠና ሦስት ሺህ ዶላር ደርሷል። በመካከሉ የእቁቡን ስድስት ዙር መጣል አቅቷት ዳኛው ወደ ዋሷ ሄዷል። ኣድሓነት ለልጇ ኮሌጅ ካስቀመጠችው ላይ ስድስት ሺህ ዶላር አውጥታ ጣለችላት፤ አንድም ቃል አልተናገረቻትም። ወይንሸት በግንቦት ካርድ ላይ የቀራትን ሁሉ ጠራርጋ ስድስት ሺውን ባንድ ጊዜ መለሰችላት። ይህን ስትነግረኝ ብቻ ቀና አለች።

«የአበልጄን ከፍያለሁ» አለችኝ። «ሌላውን እንዳሉ ያድርጉት።»

ሌላው የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባንክራፕሲ ፋይል ማድረግ፣ በኛ ቋንቋ ኪሳራ ማወጅ። ሐበሻ ይህን ቃል እንደ ሞት መርዶ ነው የሚፈራው፤ እኔ ግን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ዛሬም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሰርግ ይሄዳሉ። አንዲት ወጣት ጠበቃ አገኘሁላት። ከቀጠሮው በፊት የሚሞላ ብዙ ገጽ ፎርም ላከች፤ እኔው ቢሮ ቁጭ ብለን ሞላነው። አንዱ ጥያቄ «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የከፈልሽው ዕዳ አለ?» ይላል።

«ለኣድሓነት ነዋ» አለች።

«ምንሽ ናት ብዬ ልጻፍ?»

«አበልጄ ናታ።»

እኔም ፋሚሊ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን እጽፋለሁ? አበልጅ ዘመድ ነው። ልጆቻቸው እንኳ አይጋቡም። ብዕሬ አንድ ጊዜ ሳይቆም ነው የጻፍኩት።

ኅዳር ላይ ጠበቃዋ ዘንድ ሄድን። ቤት የለሽም፣ መኪናሽ አሮጌ ነው፣ ደሞዝሽ ትንሽ ነው፣ አራት ወር በማይሞላ ጊዜ የካርዱም የብድሩም ዕዳ ይሰረዝልሻል አለች። እየተረጎምኩ የወይንሸትን ፊት አያለሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጠበቃዋ ገጹን ገልጣ ፋሚሊ የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሕጉ ባለዕዳ ሰው ዘመዶቹን ቀድሞ ከፍሎ ሌላውን አበዳሪ ባዶ እጁን እንዳያስቀር ይቆጣጠራል አለችን። ኪሳራ ሲታወጅ ፍርድ ቤቱ አጣሪ ይመድባል፤ አጣሪው በዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለውን ገንዘብ ከዘመድየው አስመልሶ ለሁሉም ሊያከፋፍለው ይችላል። ዓመቱ እስኪሞላ፣ እስከ ግንቦት ድረስ ሳታውጂ ከጠበቅሽ ግን አይነካም።

«ከኣድሓነት ይወስዳሉ ማለት ነው?» አለችኝ ወይንሸት።

«ይችላሉ ነው ያለችው።»

«የሚኪኤላን የኮሌጅ ብር።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።» ተነስታ ኮቷን ለበሰች። ደረጃውን ስንወርድ ስድስት ወር ቀላል እንዳልሆነ፣ አበዳሪዎቹ እሷን እንደማይጠብቋት ነገርኳት። «ኦኬ» አለችኝ።

አልጠበቋትም። ታኅሣሥ ላይ፣ ያ እሷ በሌለችበት ያስፈረደው አበዳሪ ከደሞዟ በቀጥታ መቁረጥ ጀመረ። የደሞዝ ወረቀቷን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በወር ወደ ስምንት መቶ ዶላር እየሄደ ነው። ትልቁን ቤት ከለቀቀች በኋላ እዚያው ስካይዌይ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር፤ የዚያንም ኪራይ መሙላት አቃታት። መኪናዋን ለጎማ የሚሆን ስታጣ አቆመችው። ጠዋት በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ማታ በአውቶቡስ ትመለሳለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከኋላ፣ ከዓምዱ ጀርባ ትቆማለች፤ ሲያልቅ ማንንም ሳትስም ትወጣለች። ለኣድሓነት አንድ ነገር አልነገረቻትም። ኣድሓነትም ኮል አድርጋ ኮል አድርጋ ምርር ሲላት ተወቻት።

አንድ ቀን «እንዴት ነው ግን ሥራው?» አልኳት፤ ለማውራት ያህል።

«እጄ ይሠራል ጋሼ» አለችኝ። «እኔ የለሁበትም።»

ለኣድሓነት ንገሪያት ብዬ ስንት ጊዜ ጮህኩባት። አንዴማ «ኩራት ነው የያዘሽ!» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አዎ ትበል አይደለም ትበል አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር እሷን ማየት እያስጠላኝ ሄዶ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፣ ሰው ሲቆጣም አውቃለሁ። ዝም ብሎ ለሚሰምጥ ሰው ግን ምንም አላውቅም።

ጥር ላይ ጎትቼ እንደገና ጠበቃዋ ዘንድ ወሰድኳት፤ ቢያንስ የደሞዙን ነገር እንድታይልን። ጠበቃዋ የደሞዝ ወረቀቶቹን አየች፣ ፋይሉን ገለጠች፣ ከዚያ በጣም ተራ የሆነ ጥያቄ ጠየቀች።

«ይቺ ስድስት ሺህ የተከፈላት ዘመድ እህት ናት ወይስ የአክስት ልጅ?»

ወይንሸትን ሳልጠብቅ እኔ መለስኩ። አይደለም፣ ወይንሸት የሴትየዋ ልጅ የክርስትና እናት ናት፣ ስለዚህ ዘመዶች ናቸው አልኩ። ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠችው።

«በደም ይገናኛሉ?»

«አይገናኙም።»

«በጋብቻ?»

«አይ።»

«እንግዲያው በሕጉ ዘመድ አይደለችም» አለች። «ዘመድ ላልሆነ ሰው ወደኋላ የሚታየው ሦስት ወር ብቻ ነው። የተከፈላት በግንቦት ነው፤ ያኔ ኅዳር ላይ ስትመጡም ሦስት ወሩ አልፎ ነበር። ያኔውኑ ማወጅ ትችል ነበር። ይህን ፎርም የሞላው ማነው?»

ሁለት ወር ሙሉ ደሞዟ የተቆረጠው፣ ኪራይ ያጣችው፣ ከዓምድ ጀርባ የተደበቀችው እኔ በጻፍኩት አንዲት ቃል ነው። ሃያ ዓመት የሰው ፎርም የሞላሁ ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች ዘመድ ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ሐሳቤ ውስጥ አልገባም። እሷን ስቆጣ የከረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወደ ወይንሸት ዞሬ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳት፤ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ምንም አይደል ጋሼ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠበቃዋ ክፍያውን ወረቀቱ ላይ እናስፍረው፣ ከሚደበቅ ይነገር አለች። ያን ካደረግን አጣሪው ባለዕዳን አቅርቦ በሚጠይቅበት የስብሰባ ቀን ማንሳቱ አይቀርም። አስምሎ ዘመድሽ ናት ወይ ይላታል፤ አይደለችም ብላ ትመልሳለች፤ በዚያው ያበቃል። ይህን ስተረጉም ወይንሸት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ጥያቄ ጠየቀች።

«ምዬ ነው የምላቸው?»

«ምለሽ ነው።»

«ሚኪኤላን ታቅፌ መቅደስ ደጃፍ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከቄሱ ፊት ልጄ ናት ብዬ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አሁን እጄን አንስቼ እናቷ ዘመዴ አይደለችም ልበል?»

«ወይንሸት፣ ሰውየው የሚጠይቀው ስለ ደምና ስለ ጋብቻ ነው። ውሸት አይደለም።»

«ላስብበት» አለች።

እኔ ፌርማታው ላይ ቆመን አምላክ ፎርም አይሞላም፣ የፈረንጅን ጥያቄና የሱን ጥያቄ ለይቶ ያውቃል ብዬ ልከራከራት ሞከርኩ። ወሬዬን ሳልጨርስ አውቶቡሷ መጣ። ሁለት ሳምንት አሰበችበት። በሁለቱም ሳምንት ደሞዟ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሌክ ሲቲ፣ ኣድሓነት ዘንድ በመኪናዬ ወሰድኳት፤ ምን ላድርግ፣ ዕዳዬ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ማድረቂያ ሥር ተቀምጣለች። ኣድሓነት ከመስተዋቱ ውስጥ አየችን። መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ ከዚያ መለሰችው።

«ከየት ተገኘሽ?» አለች። «ጋሽ ሙላቱ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ወይንሸት አልተቀመጠችም። እንደቆመች፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ሁሉንም ነገረቻት፤ ቤቱን፣ ዕዳውን፣ ደሞዙን፣ አጣሪውን፣ መሐላውን። የሌላ ሰው ታሪክ ከወረቀት የምታነብ ነበር የምትመስለው። ኣድሓነት ማበጠሪያዋን ይዛ ሰማቻት።

«እኔ ምልሽ ወይንሸት» አለቻት ሲያበቃ። «ያን ብር ስትልኪልኝ ከየት አመጣሽው?»

«ከካርድ።»

«በስንት ወለድ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«አምጪ ብዬሻለሁ?»

«አላልሽም።»

«ሚኪኤላ ኮሌጅ የምትገባው ገና በመጪው ዓመት ነው። ብሩ እስከዚያ ቢቆይ ምን እሆን ነበር? ባይመጣስ ምን እሆን ነበር?» ድምጿን አላነሳችም፤ ደንበኛዋ እንዳትሰማ ይሁን እንጃ። «ቤትሽ ሲዘጋ ከሰው ነው የሰማሁት። ደሞዝሽ ሲቆረጥ አልነገርሽኝም። ቤተ ክርስቲያን ታዪኝና ትደበቂያለሽ። እኔ ደግሞ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ ከረምኩ። ዘመድ እንደዚህ ነው? ባንክ ነው ያደረግሽኝ። ሂሳቤን ዘጋሽልኝ፣ በቃ።»

ወይንሸት ወለሉን ታያለች።

«ሶ፣ ዘመዴ አይደለችም በያቸው። ምለሽ በያቸው። ብዙም አትዋሺም።»

ኣድሓነት ይህን ብላ ወደ ደንበኛዋ ሄዳ ማድረቂያውን አጠፋችው። እኔ መሐል ገብቼ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የሚመጣልኝ ሁሉ የፎርም ቋንቋ ነበርና መልሼ ዘጋሁት። ወይንሸት «ኦኬ» ብላ ወጣች። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ስታስር «ሰኞ ፋይል እናድርገው» አለችኝ። ታዝናለች ብዬ በጎን በኩል አየኋት። መስኮቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ የተበላሸ መሆኑን የምትፈትሽ ይመስል።

ሰኞ ፋይል ተደረገ። ረቡዕ የደሞዙ ቁረጣ ቆመ። ምን ታመጣ ይሆን ብለን ከኅዳር ጀምሮ የፈራናት ወረቀት በሁለት ቀን ያን አደረገች። ለወይንሸት ደውዬ ስነግራት «ጥሩ ነው» አለችኝ።

ስብሰባው መጋቢት ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በጠበቃዋ ኮምፒውተር ነበር። ለዚህ ፍርድ ቤቱ የራሱን አስተርጓሚ በስልክ ስላቀረበ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ መስማት ብቻ ነበር ሥራዬ። አጣሪው መነጽር ያደረገ፣ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። ቀኝ እጅሽን አንሺ አላት፤ አነሳች። እውነቱን ትናገሪያለሽ አላት፤ አዎ አለች። ስም ጠየቃት፣ አድራሻ ጠየቃት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው ወይ አላት። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እዚያ ስትደርስ ትሰበራለች ብዬ ሶፍት ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት።

«በግንቦት ኣድሓነት ለምትባል ሴት ስድስት ሺህ ዶላር ከፍለዋል» አለች አስተርጓሚዋ፤ ልጅ እግር ድምፅ ናት። «ዘመድዎ ናት?»

«አይደለችም።»

ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። አድራሻዋን በተናገረችበት ድምፅ ነው ያለችው። አጣሪው አፍንጫውን ጠርጎ ስለ መኪናዋ ጠየቃት፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ይሠራል ወይ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ አመስግኖ አሰናበታት።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«እንግዲያው ልሂድ፣ ሥራ አለኝ።» ጠበቃዋን ጨብጣ ወጣች። በመስኮቱ ሆኜ መንገዱን ስትሻገር አየኋት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዘጠና ሦስት ሺህ ዶላር ሊወርድላት ነው። እኔ ግን አልሆነልኝም። ያን ሁሉ ጊዜ አልምልም ያለችው ሴት፣ ያቺ የታለች አልኩ።

ወደ ቢሮዬ እየነዳሁ ስልኬ ጮኸ። ኣድሓነት ናት። ጠርዝ ይዤ ፓርክ አደረግሁ።

«ዛሬ ነው አይደል?» አለችኝ። «ጠየቋት?»

«ጠየቋት።»

«ምን አለች?»

«እንዳልሻት ነዋ። አይደለችም አለች።»

ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሙላቱ።»

«አቤት።»

«ወዲያው ነው ያለችው?»

ሃያ ዓመት ሳስተረጉም በሰው ቃል ላይ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። የምኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

«የት ወዲያው» አልኳት። «ሰውየው ሁለት ጊዜ ነው የጠየቃት። በመጀመሪያው ዝም አለች።»

«ዝም አለች?»

«ዝም አለች። ጠበቃዋ ናት የጎሸመቻት።»

ኣድሓነት ማድረቂያውን አጥፊው አለች ለአንዷ። ከዚያ እያለቀሰች፣ ወይንሸት አሁን ስካይዌይ የት ጋ እንደምትኖር ጠየቀችኝ። የመንገዱን ስም ነገርኳት፤ የምድር ቤቱ በር በጓሮ በኩል ነው አልኳት።